የአሥራ ሁለት ወንበር አየር

ጋሽ ቱቦ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረው በሰው ቤት ኮርኒስና በሰው ቤት ጣሪያ መካከል ባለችው፣ አይጥ እንኳ ጎንበስ ብላ በምታልፍባት ክፍተት ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ በሆዱ የተሳበው ርቀት ቢቀጣጠል ባሕር ማዶ ያደርሰው ነበር፤ መልሶም ያመጣው ነበር፣ የረሳውን ፒንሳ ለመውሰድ። እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ አለ፤ ከመታወቂያው በቀር ግን የሚያስታውሰው የለም። ሥራው የአየር ቱቦ መዘርጋት ስለነበረ ቱቦ ተባለ፤ ፀጉሩ ሲሸብት «ጋሽ» ተጨመረለት። በሥራ ዘመኑ ያገኘው እድገት ይኸው ነው።

ኋላ ላይ ስሌቱንም ለእሱ ሰጡት። አንድ ክፍል ምን ያህል ማሞቂያ፣ ምን ያህል ማቀዝቀዣ፣ ስንት ሊትር ንጹሕ አየር እንደሚያስፈልገው ቆጥሮ የማሽኑን መጠን የሚወስነው እሱ ነው። ስሌቱን ሲሰጡት ግን ቱቦውን አልተቀበሉትም። ጠዋት ያሰላል፤ ከሰዓት በኋላ ያሰላውን ተሸክሞ መሰላል ይወጣል። አሁን ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው፤ ጉልበቶቹ ደግሞ እሱን በአሥር ዓመት ይበልጡታል። ደረጃ ሲወጣ ከውስጣቸው ጠጠር የሚፈጭ ወፍጮ የተተከለ ይመስላል፤ ጎረቤቶቹ ድምፁን ሲሰሙ «ጋሽ ቱቦ መጣ» ብለው ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ከካልሲው ጋር ይደራደራል። ሚስቱ ነርስ ናት፤ ከአዳር ሥራ ስትመለስ አንዱን ብቻ አጥልቆ ታገኘዋለች።

«ሁለተኛው እግር እምቢ አለ?»

«እምቢ አላለም፤ እያሰበበት ነው።»

አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣበት ቤት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለእራት ይገናኛሉ፤ ተገናኝተውም ማን ቀድሞ ሳህኑ ላይ እንደሚያንቀላፋ ይወዳደራሉ። እስካሁን እሷ ትመራለች።

እንግዲህ በመሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ አለ። እዚያ ተቀምጠው የሌላውን ሰው ንድፍ በቀይ እስክሪብቶ የሚያርሙት ሽማግሌ ጡረታ ሊወጡ ነው። የሚሽከረከር፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር አላቸው። ጋሽ ቱቦ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳያየው፣ ሁለት ጊዜ ተቀምጦበታል፤ ሁለተኛውን ቀን የፅዳት ሠራተኛዋ ናት የቀሰቀሰችው። ታዲያ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠራውና፣

«የምድር ቤቱን ሲኒማ ጨርሰህ የተፈረመ የርክክብ ወረቀት እስከ ዓርብ ካመጣህልኝ ወንበሩ ያንተ ነው» አለው። «ካላመጣህ ለባለ ኮምፒውተሩ እሰጠዋለሁ። ባዶ ማቆየት አልችልም፤ ከላይ ያሉት ሰኞ ስም ይፈልጋሉ።»

ባለ ኮምፒውተሩ በሕይወቱ መሰላል ነክቶ የማያውቅ፣ እጁ እንደ ሕፃን እጅ የለሰለሰ ባልደረባቸው ነው። ጋሽ ቱቦ ሰውየውን አይጠላውም። ቢጠላው ደስ ይለው ነበር፤ ለጥላቻ ግን አቅም ያስፈልጋል።

የምድር ቤቱ ሲኒማ የአንድ ባለ ፋብሪካ ነው። ሰውየው የፕላስቲክ ወንበር ይሠራል፤ በከተማው ውስጥ እሱ ባመረተው ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ሰው ቢኖር ራሱ ባለ ፋብሪካው ብቻ ነው። ከቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት የግል ሲኒማ ሊያሠራ ቆረጠ። ግድግዳውን በጥቁር ጨርቅ አለበሰ፣ ከጫፍ ጫፍ የሚሸፍን ሸራ ሰቀለ፣ ከውጭ አገር አሥራ ሁለት የቆዳ ወንበር አስመጣ። ወንበር መባላቸው ለትሕትና ነው እንጂ እያንዳንዳቸው አንድ መኝታ ቤት ያህላሉ።

የመጠኑ ክርክር የተጀመረው ገና ኮርኒሱ ሳይገጠም ነው።

«ትልቁን አምጣልኝ» አለ ባለ ፋብሪካው።

«የትኛውን ትልቁን?»

«ካላችሁ ሁሉ ትልቁን። ጎረቤቴ ካስገባው እጥፍ የሚሆነውን።»

«ጎረቤትዎ ምን ያህል አስገቡ?»

«እኔ ምን አውቄ! እጥፉን ግን አምጣ።»

ጋሽ ቱቦ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና አስረዳው። ለትንሽ ክፍል ትልቅ ማሽን ማስገባት ቁጡ አጎትን ለምሳ እንደመጋበዝ ነው፤ ገብቶ አካባቢውን ያንቀጠቅጣል፣ ሁሉን አቀዝቅዞ በድንገት ዝም ይላል፣ ሰው ተረጋጋ ሲባል እንደገና ይነሳል። ፊልሙ ላይ ሰው ሲንሾካሾክ የሚሰማው ማሽኑ ይሆናል። መጠን የሚለካው በሰው ነው፤ ቁጭ ያለ ሰው እንደ አንድ የድሮ መቶ ዋት አምፖል ሙቀት ይሰጣል፣ በየሴኮንዱም ስምንት ሊትር ንጹሕ አየር ሊገባለት ይገባል። የምድር ቤቱ ግድግዳ ቀዝቃዛ ስለሆነ ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ትንሽ ማሞቂያ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ራሱ ምድጃ ነው።

«ስንት ሰው ነው የሚቀመጠው?»

«ወንበሩን ቁጠራ! አሥራ ሁለት።»

ጋሽ ቱቦ ወንበሩን ቆጠረ። አሥራ ሁለት አምፖል፣ የሸራው ማብሪያ ማሽን ሲጨመር ይኸን ያህል፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ስምንት ሊትር፣ ዘጠና ስድስት። በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈውና ለባለ ፋብሪካው፣ ለሥራ አስኪያጁ፣ እዚያ ለነበሩት ሁለት ቆርቆሮ ቆራጮች፣ ሰው ስላጣም ለግንበኛው ሳይቀር አሳየ። «ከዚህች ላይ አንዲት ሊትር አትጨመርም፣ አንዲት ሊትር አትነሳም!» አለ። ለደከመ ሰው ትልቅ ንግግር ነው። ማሽኑ ተገዛ፣ ቱቦው ተዘረጋ፣ ኮርኒሱ ተገጥሞ በጄሶ ተለሰነ፣ ቀለም ተቀባ። ድምፁ አይሰማም ነበር። የእስክሪብቶ ክዳን ሲወድቅ ይሰማል፣ ማሽኑ አይሰማም።

ጋሽ ቱቦ አንድ ልማድ አለው፤ ሥራውን በባዶ ክፍል አያስረክብም። ባዶ ክፍል ውስጥ ሁሉም ማሽን ጨዋ ነው፤ ጠባዩ የሚወጣው ሰው ሲሞላ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት የሚቀመጡ አሥራ ሁለት ሰዎች እንዲጠሩለት ባለ ፋብሪካውን ለመነ። ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ሚስቱ እንድትሆን አደረገ። በዕድሜዋ አንድ ጊዜ እንደዚያ ባለ ወንበር ላይ ትቀመጥ ብሎ ነው።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ መጀመሪያ የደረሱት የባለ ፋብሪካው እናት ናቸው። ሰማንያን የተሻገሩ፣ ከዘራቸው ቀድማቸው የምትሄድ፣ ደረታቸው ደግሞ ትንሽ የሚያፍናቸው ሴት። ወደ ኋላ ዞረው «ግቡ እንጂ!» ሲሉ ደረጃው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጆቻቸው ሚስቶች፣ የሚስቶቹ እህቶች፣ ሕፃን ያቀፈች የልጅ ልጅ፣ አንድ ማንም የማን ዘመድ እንደሆነ እርግጠኛ ያልሆነበት ባለ ኮት ሰው፣ ዘበኛው፣ የዘበኛው ወንድም። ጋሽ ቱቦ በሩ ላይ ቆሞ አሥራ ሁለት ላይ ደረሰ፤ አሥራ ሦስትን አለፈ፤ አሥራ ዘጠኝ ላይ ወደ ባለ ፋብሪካው ተጠጋ።

«ጌታዬ፣ አሥራ ሁለት ነበር ያልነው።»

«አሥራ ሁለት ነው የጠራሁት!»

«ሃያ ሊሞላ ነው እኮ።»

«ታዲያ ወንድሜን ጠርቼ ሚስቱን ከበር ልመልሳት? አንተ ደግሞ! ወንበሩ ይበቃል።»

ወንበሩ በእርግጥም በቃ። አንዱ ላይ ባልና ሚስት ተቀመጡና መሐላቸው ላይ ለቦርሳ ቦታ ተረፈ። እናትየው አንዱን የልጅ ልጅ በቀኝ፣ አንዱን በግራ አድርገው ተደላደሉ። ባለ ኮቱ ሰው ከዘበኛው ጋር ትውውቅ ሳይኖረው አንድ ወንበር ተጋራ፤ ፈንድሻም ተጋራ። ነርሷ ጥግ ላይ ለብቻዋ አንድ ሙሉ ወንበር ይዛ ነበር፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዲት ወፍራም አክስት «ጠጋ በይ የኔ ልጅ» ብለው ገቡባት። ጠቅላላው ሃያ ሦስት።

መብራቱ ጠፋ። ባለ ፋብሪካው ለምረቃው የመረጠው ፊልም የፋብሪካው አሥረኛ ዓመት በዓል የተቀረጸበት ነው፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ከዚህ ውስጥ አንድ ሰዓት ከሃምሳው የራሱ ንግግር ነው። በሸራው ላይ የባለ ፋብሪካው ጭንቅላት የጭነት መኪና አህሎ ወጣና ስለ ወንበር እግር ጥንካሬ መናገር ጀመረ።

ጋሽ ቱቦ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አልተቀመጠም፤ ከተቀመጠ የሚያነሳው ክሬን እንደሆነ ያውቃል። እጁ ላይ ያለው መለኪያ የክፍሉ አየር በሰው ትንፋሽ ምን ያህል እንደከበደ ይናገራል። ደጅ ላይ አራት መቶ ሃያ ነበር። በስሌቱ መሠረት አሥራ ሁለት ሰው ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ አንድ ሺህ አካባቢ ደርሶ እዚያው መርጋት አለበት።

በሃያኛው ደቂቃ ላይ አንድ ሺህን አለፈ።

በሰላሳኛው ባለ ኮቱ ሰው አንገቱን በዘበኛው ትከሻ ላይ ጣለ። ከዚያ በኋላ እንቅልፉ ከወንበር ወደ ወንበር እየተሻገረ ሄደ። ወንድምየው፣ የወንድምየው ሚስት፣ ፈንድሻ በአፏ እንደያዘች አንዲት እህት። ወፍራሟ አክስት ስታንኮራፋ ሸራው የሚርገበገብ መሰለ። ነርሷማ ንግግሩ ገና የመጀመሪያው የወንበር እግር ላይ ሳለ ነው የተኛችው። በአንደኛው ሰዓት ላይ፣ ሸራው ላይ ያለው ባለ ፋብሪካ «እኛ ሕዝብን እናስቀምጣለን!» ብሎ ክንዱን ሲወረውር፣ ወንበሩ ላይ ያለው ባለ ፋብሪካ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር።

መለኪያው አንድ ሺህ ስድስት መቶ ላይ ቆመ። ሙቀቱ ሃያ ሁለት መሆን ሲገባው ሃያ ስድስት። ማሽኑ ከኮርኒሱ በላይ ያለ የሌለ ኃይሉን እየገፋ ነበር፤ ጋሽ ቱቦ መዳፉን ወደ አየር መግቢያው አነሳና ነፋሱን ዳሰሰው። ጉድለት የለበትም። የተጠየቀውን ዘጠና ስድስት ሊትር ሳያጎድል እየሰጠ ነው። የጎደለው የጠያቂው፣ የራሱ የጋሽ ቱቦ ነው። ወንበር ቆጠረ፤ ወንበር አይተነፍስም።

መብራቱ ሲበራ ሕፃኑ መጀመሪያ ነቃና አለቀሰ፤ ግንባሩ በላብ ረጥቧል። እናትየው ከዘራቸውን ሲፈልጉ እጃቸው ሁለት ጊዜ ሳተ። «ጭንቅላቴን ምን ጫነብኝ?» አሉ ለራሳቸው። ባለ ፋብሪካው ግን እንደ አዲስ የተወለደ ሰው ዘሎ ተነሳ።

«ጋሽ ቱቦ! እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ሦስት ዓመት! ሐኪም ቤት የቀረኝ የለም! እዚህ ግን እንደ ድንጋይ ወደቅኩ! እንዲህ ያለ አየር የት ይገኛል? በል ወረቀቱን አምጣ፣ የት ነው የምፈርመው?»

ወረቀቱ በደረት ኪሱ ነበር። ጋሽ ቱቦ እጁን ከተተ፤ እጁ ወረቀቱን እንደያዘ እዚያው ኪሱ ውስጥ ቀረ። መስኮቱ ታየው። የሚሽከረከረው ወንበር ታየው። ሚስቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ አጠገቡ መጣችና መለኪያውን አየች፤ የሆስፒታል ሰው ናትና ቁጥሩን ለማንበብ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

«ውሉ ላይ ስንት ነው የሚለው?» አለች በቀስታ።

«አሥራ ሁለት ሰው።»

«ታዲያ አልዋሸህም።»

«አልዋሸሁም።»

«ጉልበትህን በየጠዋቱ የማሸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ላይ ድምፅ አለኝ።»

«አለሽ። ብቻ አሮጊቷ በየሳምንቱ ሊመጡ ነው። ሰው ይዘው ነው የሚመጡት፤ አሥራ ሁለት ሆነው አንድ ቀንም አይቀመጡም። ያን ደረት ይዘው…»

እናትየውን አየቻቸው። ልጃቸውን ተደግፈው በአፋቸው ይተነፍሱ ነበር። ነርሷ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ ለክፍሉ አንድ ሊትር ጨመረችለት።

«እንግዲያው ቶሎ ተናገር። ቆሜ መስማት አልችልም» አለችና ተቀመጠች።

ባለ ፋብሪካው እስክሪብቶውን ነቅሎ «ምን ትንሾካሾካላችሁ?» አለ።

«አይፈርሙ» አለ ጋሽ ቱቦ።

«ምን?»

«የተኙት አየሩ ጥሩ ሆኖ አይደለም። አየሩ ከብዶ ነው። ስሌቱን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ወንበር ቆጠርኩ።»

የባለ ፋብሪካው ወንድም «ታዲያ ንግግሩ አይደለማ ያስተኛን!» ብሎ የደስታ ሳቅ ሳቀ፤ ሚስቱ በክርኗ ወጋችው።

«አንተ ሰው ደህና ነህ?» አለ ባለ ፋብሪካው። «ልፈርምልህ ነው እኮ! ወድጄዋለሁ እያልኩህ!»

«ሃያ ሦስት ሰው የአሥራ ሁለት ሰው አየር ተካፍሎ ነው የተኛው። ለእርስዎ እንቅልፍ ሆነ፤ ለእናትዎ ራስ ምታት ሆነ። ሕፃኑን ይዩት።»

ባለ ፋብሪካው ሕፃኑን አየ፣ እናቱን አየ፣ ወደ ጋሽ ቱቦ ተመለሰ፤ ፊቱም ቀስ እያለ በሌላ ዓይነት ደስታ በራ።

«ትልቁን አምጣ አላልኩህም?»

«ብለዋል።»

«አላልኩም? ሁላችሁም ስሙ! 'አንዲት ሊትር አትጨመርም' ያለኝ ይኸ ሰው አይደለም?»

«ነኝ። ትልቁ ግን አሁንም አይሆንም፤ ይጮኻል።»

«እኔም መጮኼ ነው!»

«ሁለተኛ ማራገቢያ ይጨመራል፣ ሰው ሲበዛ ራሱ የሚነሳ። ቱቦው ይሰፋል። ኮርኒሱ ይከፈታል።»

«ኮርኒሱ? ትናንት የተቀባው ኮርኒስ? ማን ነው የሚከፍተው?»

ጋሽ ቱቦ ጉልበቱን አየ። «እኔ ነኛ» አለ።

ሥራ አስኪያጁ በስልክ ሲሰማ ብዙ ተናገረ። «ሰውየው እስክሪብቶ ይዞ እየለመነህ! እስክሪብቶ ይዞ! አንተን ምን ልበልህ?» አለ። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለማራገቢያው ማዘዣ እጽፍልሃለሁ። ስለ ወንበሩ ግን ከእንግዲህ እንዳታነሳብኝ» ብሎ ዘጋው።

ሰኞ ጠዋት ባለ ኮምፒውተሩ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ጋሽ ቱቦ ሁለቱንም ካልሲዎች በሃያ ደቂቃ አጥልቆ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ባለ ፋብሪካው ቤት ሄደ። ወደ ምድር ቤቱ ግን አልወረደም። በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ገባና እናትየው ሻይ ከሚጠጡበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ካርቶን አወጣ፣ እርሳሱን በምላሱ አረጠበ።

«እማማ፣ ልጅዎን ብጠይቀው ወንበር ነው የሚቆጥርልኝ። እርስዎ ይንገሩኝ፤ እዚህ ቤት ሰው ሲሰበሰብ ማን ማን ይመጣል?»

እናትየው መነጽራቸውን አወለቁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው እንዳልነበረ ከፊታቸው ያስታውቃል። ጣታቸውን አጥፈው ጀመሩ፤ ከታላቁ ልጅ፣ ከሚስቱ፣ ከሚስቱ እናት፤ ያቺ ከእህቷ ተጣልታለች፣ ስለዚህ ሁለቱን በተለያየ ቀን ቁጠራቸው፤ ግን ይታረቃሉ፣ አንድ ላይ ቁጠራቸው። ባለ ኮቱ ሰው ማን እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ይጻፍ። እርሳሱ ሃያ ስምንት ላይ ደረሰ።

«የትንሹ ልጄ ሚስት ደግሞ አምስተኛ ወሯ ነው።»

ጋሽ ቱቦ ትንሽ አሰበና ሃያ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ደመረ፣ አባዛ፣ ድጋሚ ደመረ። ሻይ ቀዱለት። እርሳሱን አስቀምጦ ዓይኑን ለአፍታ ጨፈነ፤ ጨፍኖ ሳይቀር በከዘራቸው ጫፍ ክንዱን ነካ አደረጉት።

«አንተንስ? ጨመርክ?»

«እኔ አልቀመጥም እማማ። እኔ ኮርኒሱ ውስጥ ነኝ።»

«ኮርኒስ ውስጥ ያለ ሰው አይተነፍስም?»

ጋሽ ቱቦ ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳበና ሃያ ዘጠኝን ሰርዞ ሠላሳ አደረገው። ከዚያ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ፣ ወፍጮውን አስነስቶ፣ መሰላሉን ተሸክሞ በደረጃው ወደ ምድር ቤቱ ወረደ።